ከሻሸመኔ እስከ ሞሮቾ፦ ጎረቤት አስተዳደሮች የመንገድ ደኅንነትን አብረው የሚያቅዱበትና ወጪውን የሚጋሩበት ዝርዝር መመሪያ

ከሻሸመኔ የተነሳ ዶልፊን ሐዋሳ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በዚያች አጭር መንገድ ግን ከኦሮሚያ ወደ ሲዳማ ይሻገራል። ትራፊክ ፖሊሱ ይቀየራል። አደጋ የሚጻፍበት መዝገብ ይቀየራል። የመንገድ መብራት የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ይቀየራል። ሹፌሩ ያው ነው፤ ፍጥነቱም ያው። በደቡብ በቱላ በኩል ለሚወጣውም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የከተማው አስተዳደር ያልቅና ወረዳ ይጀምራል፤ መኪናው ግን ይህን አያውቅም።

ስለዚህ የሐዋሳ ከተማ ብቻውን፣ የሸበዲኖ ወረዳ ብቻውን፣ የሐዋሳ ዙሪያ ወረዳ ብቻውን የሚያወጣው የመንገድ ደኅንነት ዕቅድ ሁሌም ግማሽ ነው። ይህ መመሪያ ግማሾቹን እንዴት መግጠም እንደሚቻል ያሳያል። የተጻፈው በወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ለተቀመጠ ባለሙያ፣ ለማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ፣ ለምክር ቤት አባል፣ እንዲሁም "እስከ መቼ?" ብሎ ለሚጠይቅ ነዋሪ ነው።

ዋናውን ምክር ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ገንዘቡን አንድ ቋት ውስጥ ለመጨመር አትድከሙ። አንድ የሚሆነው የሥራ ዝርዝሩ ነው። ገንዘቡ በየምክር ቤቱ፣ በየራሱ በጀት ይጽደቅ። የሁለት ክልል ወረዳዎች የጋራ ሂሳብ እንክፈት ካሉ ማን ይፈርማል፣ ማን ኦዲት ያደርጋል፣ የተረፈው ለማን ይመለሳል እያሉ ሁለት ዓመት ይከራከራሉ። የጋራ ዝርዝር ግን በአንድ ወር ይወጣል።

አንድ መንገድ ምረጡ

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀመረው በአዳራሽ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ "የጋራ መድረክ ተመሠረተ" ተብሎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ዝም ነው። የሁሉም ወረዳ፣ የሁሉም መንገድ፣ የሁሉም ችግር ዕቅድ ይወጣና ማንም አይነካውም።

እናንተ በአንድ መንገድ ጀምሩ። ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ለሐዋሳና አካባቢዋ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ከሻሸመኔ በጥቁር ውሃ ገብቶ፣ ከተማዋን አቋርጦ፣ በቱላ ወደ ሞሮቾ የሚወጣው ዋናው አስፋልት። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በ275 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው በዚህ መንገድ ነው፤ መንገዱ ቀጥሎ ሞያሌ ይደርሳል። ሁሉም በላዩ ላይ አለ። ተሳቢ፣ ሲኖ፣ ቅጥቅጥ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ከብት፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የወጡ ሴቶች፣ ደብተር የያዙ ልጆች። ሲነጋጋ ደግሞ ጫት የጫነ መኪና አለ። እሱን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከሞጆ ሐዋሳ ድረስ የታቀደው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ፈጣን መንገድ ማረፊያው እዚሁ ነው። ከፈጣን መንገድ የወጣ ሹፌር እግሩ ወዲያው አይቀልም። ለሰዓታት በፍጥነት የነዳ ሰው ባጃጅና ጋሪ ያለበት መንገድ ውስጥ ሲገባ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቆሞ የቀረ ይመስለዋል። ስለዚህ የፈጣን መንገዱን መጨረሻ የሚቀበለው አካባቢ ከአሁኑ ካልተዘጋጀ ኋላ ዋጋው ውድ ነው።

የወንዶ ገነትና የዶሬ ባፋኖ መንገዶች ይቆዩ። የመጀመሪያው ሲሳካ ተራቸው ይደርሳል።

መንገዱ የማን እንደሆነ ጻፉ

ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን ዝለሉት ካልኳችሁ ዋሽቻችኋለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(9) መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ናቸው። የእኛው መንገድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪ ተነስቶ አስፋልቱ ላይ ጉብታ ሊሠራ አይችልም። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ማወቅና መፍቀድ አለበት። ወደ ቀበሌ የሚገቡት የጠጠር መንገዶች ደግሞ የወረዳ ናቸው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና አስፋልት የማዘጋጃ ቤት ነው።

አንድ ወረቀት ውሰዱ። መንገዱን በየኪሎ ሜትሩ ከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አምስት ጥያቄ መልሱ፦ አስፋልቱን ማን ይጠግናል? የእግረኛውን ጥግ ማን ያስተዳድራል? መብራቱን የተከለው ማነው፣ የሚከፍለውስ? ትራፊክ ፖሊሱ የየት ነው? አምቡላንስ ከየት ይመጣል?

ሁለት ስም የተጻፈበት ወይም ባዶ የቀረ ሳጥን ታገኛላችሁ። አደጋው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ሁለቱም "የእሱ ነው" የሚሉት ቦታ ላይ ቀለም አይቀባም፣ ምልክት አይተከልም፣ የተቃጠለ አምፖል አይቀየርም።

አደጋውን በአንድ መዝገብ ሰብስቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሥራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ነው።

የፖሊስ መዝገብ ብቻውን አይበቃም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በኢትዮጵያ በመንግሥት የተመዘገበውን የአንድ ዓመት ሞት ከ4,300 በላይ አድርጎ አስቀምጧል። የድርጅቱ የራሱ ግምት ግን 27 ሺህ ገደማ ነበር። ልዩነቱ የስድስት እጥፍ ነው።

ለምን እንዲህ ሰፋ? አንዱን ምክንያት በእኛው መንገድ ላይ ማየት ይቻላል። እንበል አንድ ሰው በሻሸመኔ በኩል በመኪና ተገጨ። ፖሊስ ደርሶ "ከባድ የአካል ጉዳት" ብሎ መዘገበ። ሰውየው ወደ ሐዋሳ ሪፈራል ተላከ። በአሥረኛው ቀን አረፈ። ሪፈራሉ ሞቱን ያውቃል፤ አደጋው የት እንደደረሰ ግን ዝርዝሩ የለውም። የሻሸመኔው መዝገብ አደጋውን ያውቃል፤ ሞቱን አልሰማም። የሐዋሳ ትራፊክ ፖሊስ ሁለቱንም አያውቅም። ሰውየው ከየትኛውም የሞት ቁጥር ውስጥ አልገባም። በዓለም አቀፉ አሠራር በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰው የአደጋው ሟች ሆኖ ይቆጠራል። ይህን አቆጣጠር በጋራ ተቀበሉት፤ በየወሩ ሆስፒታልና ፖሊስ ዝርዝራቸውን ያመሳክሩ።

ለመዝገቡ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ኤክሴል ይበቃል። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተጋጩት (ተሳቢ ከባጃጅ፣ ሚኒባስ ከእግረኛ)፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ ብርሃን የነበረ ያልነበረ፣ ዝናብ፣ እና የመዘገበው ፖሊስ ጣቢያ። ስም አትጻፉ። የተጎጂም የሹፌርም ስም ለዕቅድ አያስፈልግም፤ መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞርም ጉዳት ያመጣል።

ቦታ የሚለው ዓምድ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። "ልዩ ቦታው እንዲህ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ" የሚለው የፖሊስ አጻጻፍ ለዜና ይሆናል፤ ለካርታ ግን አይሆንም። አንድ "አካባቢ" ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ትራፊክ ፖሊሱ በስልኩ ካርታ ከፍቶ የቦታውን ቁጥር ይመዝግብ፤ ከጎኑ ደግሞ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይጻፍ፦ ከማደያው 100 ሜትር፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት። ሰዓትም ላይ ተስማሙ። አንዱ በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ የምሽቱ 2 ሰዓት አደጋ ከሌሊት ስምንት ሰዓት ጋር ይደበላለቃል።

የሦስት ዓመት መረጃ ከሰበሰባችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ አደጋ ነጥብ ስጡ። ሞት 5፣ ከባድ ጉዳት 3፣ ቀላል ጉዳት 1። መንገዱን በ500 ሜትር ከፋፍላችሁ ነጥቡን ደምሩ። አሥር ቦታዎች ብቅ ይላሉ። ሥራችሁ እነሱ ናቸው። "የእኔ ቀበሌስ?" የሚል ሰው ይመጣል። መዝገቡን አሳዩት። መዝገብ ከሌለ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ያሸንፋል።

በእግር ሂዱ

አሥሩን ቦታዎች መኪና ውስጥ ሆናችሁ አታዩዋቸውም። ውረዱ። አንድ መሐንዲስ፣ ከየአቅጣጫው አንድ ትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ የባጃጅ ማኅበር ተወካይ፣ አንድ መምህር፣ በዊልቸር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ አንድ ሰው ይኑር። ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ ተማሪ ሲለቀቅ፣ አንዴ ከመሸ በኋላ።

ምን ታያላችሁ? አንድ ቦታ ላርስም። የትምህርት ቤት በር አስፋልቱ ላይ ይከፈታል። ዜብራ አለ፤ ቀለሙ ግን በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ የአጥንት ቀለም ይዟል። ዜብራው አፍ ላይ አራት ባጃጆች ቆመው ሰው ይጠራሉ። ልጁ ለመሻገር በባጃጆቹ መሃል አንገቱን ያወጣል። የሚመጣው አይሱዙ ልጁን የሚያየው ልጁ አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ፍጥነቱ 50 ከሆነ፣ ሹፌሩ ነቅቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ፍሬኑ ጥሩ ቢሆን እንኳ ለመቆም 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። 80 ከሆነ 57 ሜትር ገደማ። ጭነት ሲኖር ይብሳል። በልጁና በመኪናው መሃል ያለው ርቀት ግን 20 ሜትር ነው።

እዚህ ጋ ጥፋተኛው ማነው? ሹፌሩ? ባጃጁ? ልጁ? ፖሊስ አንዱን ይመርጣል፤ ያ የፖሊስ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ሌላ ነው። ባጃጆቹን ከዜብራው 20 ሜትር ወደ ኋላ ብታስቆሟቸው አይሱዙው ልጁን ቀድሞ ያየዋል። ዋጋው ቀለምና ሁለት ምሰሶ ነው።

መፍትሔውን ከርካሹ ጀምሩ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ማንኛውም ዝርዝር ከፍጥነት ይጀምራል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ አገሮችም እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚል አቋም ወስደዋል።

ከተማ መግቢያ ላይ ሹፌሩ "ገባሁ" እንዲል የሚያደርግ ነገር ያስፈልጋል። ምልክት ብቻ አያቆምም። መንገዱ ጠበብ ሲል፣ መሃሉ ላይ ደሴት ሲኖር፣ ዜብራው ራሱ ከፍ ብሎ ሲሠራ እግሩ ፍሬኑን ይፈልጋል። ከፍ ያለ ዜብራ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መኪናውን ያዘገያል፣ እግረኛውን ደግሞ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ስለ ጉብታ አንድ ነገር ልናገር። ሰፈር ውስጥ ልጅ ከተገጨ በኋላ ነዋሪው በንዴት አፈርና ድንጋይ ከምሮ፣ አንዳንዴም የመርከብ ገመድ ዘርግቶ ጉብታ ይሠራል። ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን ምልክት የሌለው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ማታ የማይታይ ጉብታ ራሱ ሰው ይገድላል፤ በተለይ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ላይ። ጉብታ ከተሠራ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት፣ የሚያበራ ቀለም፣ ከተቻለ መብራት ይኑረው። ይህ ካልተሟላ አትሥሩት።

ሌላው ሁሉ በፍጥነት ይታለፍ፦ የባጃጅና የሚኒባስ ማቆሚያ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ጥጉ ላይ ለእግረኛና ለጋሪ የሚሆን ጥርጊያ፣ እይታ የሚጋርድ ቅርንጫፍና ሱቅ ማንሳት። ሐዋሳ ሜዳማ ስለሆነች ብስክሌት ብዙ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ለእግረኛና ለብስክሌት መስመር መሠረት ይሆናል፤ ደብዳቤ ስትጽፉ ጥቀሱት። ቀለም የሚቀባበትን ጊዜ ደግሞ አስቡበት። ሰኔ ላይ የተቀባ ዜብራ ነሐሴን አይሻገርም። ክረምቱ ሲወጣና ትምህርት ሲከፈት፣ መስከረም ላይ ቀቡት።

ሰነዱን ፈርሙ፣ ግን አጭር ይሁን

የመግባቢያ ሰነዱ ከአራት ገጽ አይብለጥ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1231 በክልሎች መካከል ለሚደረግ ትብብር መንገድ ከፍቷል፤ የሕግ ባለሙያችሁ እሱን ይመልከት። ወረዳ ከወረዳ በተለያየ ክልል ሲፈራረም የሁለቱም ክልል ትራንስፖርት ቢሮ እንዲያውቀው አድርጉ። አለበለዚያ አንድ ቀን ከላይ ስልክ ይመጣል፤ ሁሉም ነገር ይቆማል።

ሰነዱ ውስጥ የግድ የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመንገዱ መነሻና መድረሻ። የአሥሩ ቦታዎች ዝርዝር። እያንዳንዱን ማን እንደሚሠራ። የመረጃ ልውውጥ በየስንት ጊዜው እንደሆነ። የጋራ ስብሰባው ሰብሳቢነት በየስድስት ወሩ የሚዞር መሆኑ። ጸሐፊ ሆኖ የሚሠራው ጽሕፈት ቤት ግን ቋሚ ይሁን፤ ፋይል ከሰብሳቢው ጋር ሲዞር ይጠፋል።

አንድ አንቀጽ በምንም ምክንያት አትርሱ፦ "ይህ ሰነድ በአስተዳደር ወሰን ላይ ለሚነሳ ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም።" በእኛ አካባቢ የወሰን ነገር ስሜት ይነካል። ካርታ ላይ "ይህ የእናንተ ኪሎ ሜትር ነው" ሲባል ከዜብራ ይልቅ ስለ መሬት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ስብሰባ ታድናለች። በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ ሦስቱም እኩል ይቆጠሩ።

ገንዘቡ

እውነቱን እንነጋገር፤ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ይህን ነው።

ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያው መሬት ላይ የሚሠራ ነገር ነው፤ ጉብታ፣ ዜብራ፣ መብራት። እሱን ቦታው ያለበት አስተዳደር በራሱ በጀት ይሠራል፤ ግዥውንም ራሱ ይፈጽማል። ሁለተኛው የጋራ ወጪ ነው፤ የመረጃ ባለሙያ፣ የጋራ ጥናት፣ የትራፊክ ፖሊሶች ሥልጠና፣ የሬዲዮ ቅስቀሳ። ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። "ሐዋሳ ሀብታም ናት፣ ትክፈል" ይላል አንዱ። "መኪናው የሚመጣው ከእናንተ ነው" ይላል ሌላው።

ቀላል ቀመር ተጠቀሙ። የጋራ ወጪውን ግማሽ እኩል ተካፈሉ፤ ግማሹን በመንገድ ርዝመት። ለምሳሌ የዓመቱ የጋራ ወጪ 1,200,000 ብር ነው እንበል፤ ተካፋዮቹ አራት ናቸው። ግማሹ 600,000 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 150,000 ይደርሳል። ቀሪው 600,000 ለ30 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር 20,000 ነው። 12 ኪሎ ሜትር ያለው 240,000 ይጨምራል፤ 8 ያለው 160,000፤ 6 ያለው 120,000፤ 4 ያለው 80,000። በድምሩ 390,000፣ 310,000፣ 270,000 እና 230,000 ብር ይመጣል። አቅም የሌለው ወረዳ ከድርሻው የተወሰነውን በዓይነት ይክፈል፦ በጉልበት፣ በድንጋይና በአሸዋ፣ በመኪና፣ በባለሙያ። ዋጋው ግን ሰነዱ ላይ በብር ይጻፍ። "በሕዝብ ተሳትፎ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ማንም አይለካውም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ከራሳችሁ ዓመታዊ በጀት። ከተሞች ለሦስት ዓመት የሚያወጡት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ አላቸው፤ አሥሩ ቦታዎች እዚያ ውስጥ በስማቸው ይግቡ። "የመንገድ ደኅንነት ሥራዎች" የሚል ጥቅል ርዕስ አይበቃም፤ ጥቅል ርዕስ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው።

ሁለተኛ፣ የመንገድ ፈንድ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 ሲቋቋም ዓላማው ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ሥራዎች ገንዘብ ማቅረብ ነው። ምንጩ በዋናነት ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ክፍያ ነው፤ ማደያ ላይ የሚቀዳ ሁሉ ይከፍላል ማለት ነው። የክልል መንገድ መሥሪያ ቤቶችና ከተሞች ከእሱ ድርሻ ያገኛሉ። ብዙ ቦታ ግን ድርሻው ጉድጓድ በመድፈን ያልቃል። ዓመታዊ የጥገና ዕቅድ ሲዘጋጅ ቀለሙን፣ ምልክቱን፣ ከፍ ያለ ዜብራውን እዚያው አብራችሁ አስገቡ። አስፋልት እየተደፈነ ሳለ ዜብራ መሥራት፣ ሠራተኛና ማሽን ዳግም ከማምጣት ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ የፌዴራል መንገዶች አስተዳደር ራሱ። እዚህ ነው አብሮ መሆን የሚጠቅመው። አንድ ወረዳ የጻፈው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። አምስት አስተዳደሮች በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ካርታ፣ የሦስት ዓመት የአደጋ ቁጥር አባሪ አድርገው የጻፉት ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። ጥያቄው መንገዱ ሲጠገን ወይም ሲሰፋ፣ ዲዛይኑ ሳይዘጋ ይድረስ። አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ የሚጠየቅ የእግረኛ መንገድ በሦስት እጥፍ ዋጋም አይገኝም።

አራተኛ፣ ከመንግሥት ውጭ ያሉት። ሠራተኛ በፈረቃ የሚያስገቡ ፋብሪካዎች፣ ማደያዎች፣ የመነኻሪያ ማኅበራት፣ ሆቴሎች። ከእነሱ ብር ከመጠየቅ ይልቅ አንድ ነገር ስጧቸው፦ "ይህን ማቆሚያ እናንተ ሥሩ፣ እኛ ዲዛይኑን እንሰጣለን።"

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካኖች በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ ለማግኘት ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ማቀድ እንዳለበት ደንግገዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአምስት ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ለአካባቢ መስተዳድሮች የመንገድ ደኅንነት መድበዋል፤ ተቀባዩ ቢያንስ 20 በመቶውን ከራሱ ወይም ከሌላ ፌዴራል ካልሆነ ምንጭ ያዋጣል። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ያለው ወገን "አብራችሁ ኑ" ካለ ጎረቤቶች ይስማማሉ። ክልሎቻችን ለጋራ ዕቅድ ቅድሚያ ነጥብ ቢሰጡ ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር።

ጊዜውን ጠብቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ወደ ኋላ ቁጠሩ። መስከረምና ጥቅምት ላይ መረጃው ይሰብሰብ። ኅዳር ላይ በእግር ይኬድ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰነዱ ይፈረም። የካቲት ላይ ዋጋ ይገመት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በየጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ይግባ። ግንቦት ላይ የምክር ቤት አባላትን ቦታው ድረስ ውሰዷቸው፤ ዜብራው አጠገብ አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ሰኔ ላይ እጁን ሲያወጣ አያመነታም። ሰኔ ላይ ሐሳብ ይዞ የመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጠራል።

መብራት የምትተክሉ ከሆነ የወር ክፍያውን ማን እንደሚከፍልና አምፖሉን ማን እንደሚቀይር ከመትከላችሁ በፊት ጻፉ። የቆመ ምሰሶ ሁሉ የሚበራ ምሰሶ አይደለም።

ቁጥጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን

ባጃጅ በአንዱ በኩል ዋናው አስፋልት ላይ ከተከለከለ በሌላውም ይከልከል፤ ከተፈቀደም በሁለቱም ይፈቀድ። ወሰኑ ላይ ሕግ ሲለወጥ ባጃጁ ወሰኑ ላይ ይከማቻል፤ ተሳፋሪውም እዚያው ወርዶ በአስፋልቱ ዳር በእግሩ ይሄዳል። ትርፍ መጫንም ያው ነው። መነኻሪያ በር ላይ ልክ የነበረው ሚኒባስ ኬላውን ካለፈ በኋላ ይሞላል። የሁለቱም ወገን ትራፊክ ፖሊሶች በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት አንድ ቦታ ላይ አብረው ይቁሙ። የቁጥጥሩን ሰዓት ከመዝገቡ ምረጡት እንጂ ከመሥሪያ ቤት ሰዓት አይደለም። አደጋው ከንጋቱ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መቆም ምን ይጠቅማል?

አምቡላንስ ላይ ስምምነታችሁ አንድ መስመር ብቻ ይሁን፦ ቅርብ ያለው ይሂድ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰድ። ጤና ተቋማትም "ማን ይከፍላል" ብለው እንዳያቆሙ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005ን አስታውሷቸው። አዋጁ ሲወጣ ለማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ደንግጓል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰውም የመድን ፈንድ አለ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ጊዜው ያልፍበታል። በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ከዚያ ለኩ

በየሦስት ወሩ ተገናኙ። ስብሰባው ከሁለት ሰዓት አይብለጥ፤ ከአሥሩ ቦታዎች በአንዱ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ይሁን። ሦስት ቁጥር ብቻ ይቅረብ፦ ስንት ሰው ሞተና ከባድ ጉዳት ደረሰበት፣ ከዝርዝሩ ስንቱ ተሠራ፣ የመኪናው አማካይ ፍጥነት ስንት ነው። ፍጥነት መለኪያ ከሌለ ሁለት ምሰሶ በ100 ሜትር ርቀት ምረጡና በስልክ ሰዓት ቁጠሩ። 100 ሜትሩን በ6 ሴኮንድ ያለፈ መኪና 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነዳል፤ በ4 ሴኮንድ ያለፈው 90። ሥራው ከመሠራቱ በፊት ለኩ፤ ከተሠራ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ለኩ። አማካዩ ካልወረደ ጉብታው አልሠራም፤ ሌላ ሞክሩ። የሞት ቁጥር በአንድ ቦታ በአንድ ዓመት ትንሽ ስለሚሆን በአጋጣሚ ይወጣል ይወርዳል፤ በሦስት ወር ሪፖርት "ሞትን በግማሽ ቀነስን" ለማለት አትቸኩሉ።

ሹም ይቀየራል። አስተዳዳሪው ይዛወራል፣ ከንቲባው ይነሳል፣ ባለሙያው ሌላ ቢሮ ይገባል። ስለዚህ መዝገቡ፣ ካርታውና የተፈረመው ሰነድ በሦስት ቦታ ይቀመጡ፦ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤትና በትራፊክ ፖሊስ። አዲስ ሹም በገባ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሰው ፋይሉን ይዞ ቢሮው ይግባ፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከቢሮ አውጥቶ ወደ መንገዱ ይውሰደው።